በጸሎት መሐል የተገኘ ማርክ

ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ምንዛሪ በርካሽ ስለሚገኝበት ዘዴ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ዝም እላለሁ። አንዱ «አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እንዳትመነዝሩ» ይላል። ሌላው «ሆቴል ደጃፍ የሚያንሾካሹኩትን ሽሹ» ብሎ ያስጠነቅቃል። እኔ ዝም የምለው የምናገረው አጥቼ አይደለም። የውጭ ገንዘብ ያገኘሁት ማንም ባላገኘበት ዋጋ፣ ማለትም በነጻ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳልፈልግና ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያውም ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ በገዛ አባቴ ሳሎን ውስጥ ቆሜ ስለሆነ ነው። ይህን ብናገር የሚያምነኝ የለም። እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

የማላምነው ግን ይህን ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ የኬሚስትሪ ዲግሪና ጥርጣሬ ይዤ ነው የወጣሁት። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ጥርጣሬውን ግን የትም ይዤው እሄዳለሁ። ጠርሙስ ላይ «ውኃ» ተብሎ ቢጻፍ ሳልመረምር ውኃ ነው አልልም። ይህ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያስመሰግን ጠባይ ነው፤ በወለጋ ጎዳና ላይ ግን ያስቸግራል። የእኛ አገር ሰላምታ ሰውየውን ብቻ ጠይቆ አያበቃም፤ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ አዝመራውንና ከብቱን ሁሉ ያዳርሳል። እኔ ደግሞ «ከብቶችሽ ደኅና ናቸው?» ስባል፣ ከብት እንደሌለኝ የሚያውቅ ሰው ስለ ከብቴ መረጃ የሚሰበስበው ለማን ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። በደርግ ዘመን ይህ በሽታ አይባልም ነበር። ጥንቃቄ ነበር የሚባለው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የሚስዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ። የስንቱን ሰው ደረት ሲያዳምጡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የገዛ ጆሯቸው ከዳቸው። መጀመሪያ ላይ በስንብታቸው ቀን የተሸለሙትን የሐኪም ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ክቡን ጫፍ እንግዳው አፍ ሥር ይደቅኑ ነበር። ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ሁሉ የቤተሰቡን ደኅንነት የሚያወራው ለዚያች የብረት ክብ ነበር። ዜና ሲደርስም ጫፉን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። እኔ ተነሥቼ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ሬዲዮን እንደ ሳንባ የሚመረምር ሰው ለአላፊ አግዳሚ ለማስረዳት ያስቸግራልና። በኋላ ማዳመጫውም አልበቃቸው አለ። ከዚያ ወዲያ የቀረልን መጮኽ ብቻ ሆነ። እሳቸውም ዓለም ሁሉ የደነቆረ ይመስል በዚያው ልክ እየጮኹ ይመልሱልን ጀመር።

ነገሩ በሣቅ ብቻ ቢያልፍ ኖሮ መልካም ነበር። አንድ ቀን ግን ወደ ጊምቢ የሚሄድ የጭነት መኪና ከኋላቸው ጥሩምባውን ሲያንባርቅ፣ አባቴ በመንገዱ መሐል መዝሙራቸውን እያንጎራጎሩ ቀጠሉ። ሾፌሩ እሳቸውን ላለመግጨት ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። አባቴ ዘወር ብለው አዩትና «ይህ ምስኪን ምን ነካው?» ብለው ከልባቸው አዘኑለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻቸውን ከግቢ እንዳይወጡ ከለከልኳቸው። በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ድሮ ቆሞ ያወጋቸው የነበረ ሰው ሁሉ አሁን እጁን እያወዛወዘ ያልፋል። ሲያወሩ የኖሩ ሰው በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም እየተባሉ ሲውሉ ማየት ለልጅ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ የመረመራቸው ሐኪም በጆሮ ላይ የሚሰካ መስሚያ መሣሪያ እንዳለ፣ እዚህ ግን እንደማይገኝ ነገረኝና የምርመራውን ወረቀት ሰጠኝ።

እንግዲህ ኬሚስትሪ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤተ ሙከራ አያያዝ አጭር ሥልጠና ልትወስጂ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንድትሄጂ ተመርጠሻል ስባል በልቤ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የአባቴ ጆሮ። ይዤ እንድወጣ የተፈቀደልኝ ምንዛሪ ግን ለፖስታ ቴምብር እንጂ ለጆሮ የሚበቃ አልነበረም። ከተፈቀደው በላይ ይዞ መገኘት ደግሞ ጉዞውን ብቻ ሳይሆን ተጓዡንም ያስቀር ነበር።

በዚህ መሐል አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለው የሸምሱ ሱቅ ሳሙና ልገዛ ሄድኩ። ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ፣ ከእኛ ይልቅ የእኛን ከተማ የሚያውቅ ነጋዴ ነው።

«እትዬ መምህርት፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ ሳሙናውን እየጠቀለለ።

«ለምኑ?»

«ለመንገድዎ ነዋ።»

«ከማን ሰማህ?»

«እኔ እንጃ፣ ከተማው ነው የነገረኝ።» ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «የወንድሜ ልጅ እዚያው ነው የሚማረው። ብሩን ለእኔ እዚህ፣ ማርኩን እሱ ለእርስዎ እዚያ። ወረቀት የለ፣ ወረፋ የለ። ከባንክ በብዙ ይሻላል።»

ሳሙና ልትገዛ ለመጣች ሴት እንዲህ ያለ ወንጀል በጠራራ ፀሐይ የሚያጫውት ነጋዴ፣ ወይ ያበደ ነው ወይ የተላከ ነው ብዬ አሰብኩ። ሸምሱ ደግሞ እብድ አይደለም።

«ይህን ለእኔ የምትነግረኝ ለምንድን ነው?» አልኩት፣ በፈተና ጊዜ አንገቱን ያስረዘመ ተማሪ በምገሥጽበት ድምፅ።

የሸምሱ ፊት ተለዋወጠ። እሱም የራሱን ሒሳብ እየሠራ ነበር። ከዚያ ሁሉ አስተማሪ መሐል ለውጭ አገር የምትመረጥ ሴት ማን ናት? «ለምን ትነግረኛለህ?» ብላ የምትመረምርስ ምን ዓይነቷ ናት?

«ምን ነገርኩዎ? እኔ ያወራሁት ስለ ሳሙና ነው።»

«እኔም የሰማሁት ስለ ሳሙና ነው።»

«የምንዛሪ ሕጉ እኮ በጣም ጥሩ ሕግ ነው!» አለ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ።

«እጅግ ጥሩ ሕግ ነው!» አልኩ እኔም ለመንገደኛው።

«ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!»

«ምን ይውጠን ነበር!»

ሕጉን እያመሰገንን ተለያየን፤ ሳሙናውን ግን ሱቁ ውስጥ ረሳሁት። በማግስቱ ሳሙናው ከከፈልኩት ገንዘብ ጋር ቤቴ ድረስ ተላከልኝ። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬዬ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ደረሰ። ገንዘብ የሚመልስ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ሳሙናውን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ውስጡ የተቀበረ ነገር እንዳለ ለማየት በቢላዋ ቆራረጥኩት። ሳሙና ነበር።

«ኢንታላ ኮ» አሉ አባቴ በሩ ላይ ቆመው፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። «ሳሙና እንደ ሥጋ መመተር የተጀመረው መቼ ነው?»

ነገሩን ጽፌ ላሳያቸው እችል ነበር። ወረቀት ግን ማስረጃ ነው። ስለዚህ አፌን ጆሯቸው ላይ ገጥሜ በቀስታ ነገርኳቸው። አልሰሙም። ትንሽ ከፍ አደረግኩ። አልሰሙም። በመጨረሻ «ስለ ምንዛሪ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ዶላር?!» አሉ አባቴ። «ዶላር ልትገዢ ነው?!»

ቤታችን ከቀበሌው ሊቀመንበር ቤት የሚለየው በአንዲት የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ በማንጎው ጥላ ሥር ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩንና ራሳቸውን በዝግታ፣ ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።

«አባ፣ ኧረ በፈጣሪ! ሕገወጥ ነው አልኩ እንጂ!»

«ሕገወጥ ዶላር?! ለእኔ ጆሮ ብለሽ?!»

ሊቀመንበሩ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ መነቅነቅ ከዚያ በኋላ ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ይመጣብኝ ጀመር። ሰው ቢቆጣ ይታወቃል፤ ቢስቅም ይታወቃል። የሰማውን ሁሉ በጸጥታ እየተቀበለ የሚያስቀምጥ ሰው ግን የሚያስቀምጠው የት ነው?

ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከጉቴ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ብሄድ፣ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሻጭ «አዴ፣ ዶላሪ አርገቴ?» አለችኝ፤ እትዬ፣ ዶላሩን አገኘሽ ወይ ማለቷ ነው። «ምን ዶላር?» ብላት «ውይ፣ ገና ነዋ!» ብላ አዘነችልኝና ከመዘነችልኝ ላይ ሽንኩርት በእፍኟ ጨመረችልኝ። ይህችም ምርቃት ምን ለማለት እንደ ሆነች እያሰላሰልኩ ነቀምቴ ገባሁ።

የሽኝት ጸሎት ሳይደረግልኝ እንዳልሄድ አባቴ ወስነው ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰው ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ዓይኑን የሚጨፍን ከሆነ ቀበሌው ማወቅ ነበረበት። ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሮ ገባሁ። ቢሮው ድሮ የፈረንጆቹ ሚስዮናውያን መኖሪያ ነበረ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ያህል የሽኝት ጸሎት እንድናደርግ እንዲፈቀድልን ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጉዳዩን እንከታተላለን።»

«ተፈቅዷል ማለት ነው?»

«ጉዳዩን እንከታተላለን።»

«ማን ማን እንደሚመጣ ላስመዝግብ?»

አፌን ትክ ብለው አዩና «ጓድ መምህርት፣ ሁሉንም እንከታተላለን» አሉ። ወደ ኋላዬ እያየሁ ወጣሁ።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። የሰፈሩ ሰው፣ የአባቴ የክሊኒክ ባልደረቦች፣ ሸምሱ ሳይቀር መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ሊከታተሉ ከእኔ ቀጥሎ ቆሙ። ጸሎቱን የሚመሩት ሽማግሌ በኦሮምኛ ጀመሩ፤ ከአዳምና ከሔዋን ተነሥተው ወደ አውሮፕላኑ ለመድረስ የሚቸኩሉ አይመስሉም። ዓይን ሁሉ ተጨፈነ።

በእኛ ዘንድ መንገደኛ የሚሸኝ ሰው በጸሎቱ መሐል ቀረብ ብሎ እጁን ይጨብጣል፤ በዚያው መዳፉ ውስጥ የታጠፈች ብር ያኖርለታል። አይነገርም፣ አይታይም፣ አይመሰገንም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ወረቀት መዳፌ ውስጥ ስትገባ አልደነገጥኩም። ሁለተኛዋም ገባች። ሦስተኛዋ ላይ ግን ጣቶቼ ጠረጠሩ። የብርን ወረቀት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ይህኛው ጠንከር ያለ፣ የሚንሿሿ ነበር። አንድ ዓይኔን በጭላንጭል ገለጥኩ። ከመዳፌ ውስጥ ረጅም ፀጉር ያለው፣ በሕይወቱ ሥቆ የማያውቅ የሚመስል ፈረንጅ ያየኛል።

ማርክ ነበር።

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ፤ ምናልባት ስገልጠው አይኖር ይሆናል ብዬ። እጆች ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። አንዱ ያኖራል፣ አንዱ ይጨምራል። ቀሚሴ ኪስ የለውም። እጅጌዬ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። «አሜን» በተባለ ቁጥር ክንዴ እየተንሿሿ ይመልሳል። ይህ ወጥመድ መሆኑ አላጠራጠረኝም። ሰፈሩ በሙሉ ተስማምቶ በሊቀመንበሩ ፊት ሊያስይዘኝ ነው! ሸምሱም መጥቶ አንድ ነገር አስጨበጠኝ። ያም ሳሙና ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ሰፋፊ እጆች እጄን ያዙት። ዓይኔን ብገልጥ ሊቀመንበሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት መዳፌ ውስጥ አኖሩ። ከዚያም በጣታቸው የአባቴን ጆሮ አመለከቱኝ፤ ቀጥሎ የራሳቸውን ጆሮ ነካ አደረጉ፤ በመጨረሻም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አኖሩ።

ትርጉሙ ግልጽ ነበር። «አባትሽ የተናገሩትን ሁሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ዝም በይ።» ሽማግሌው «አሜን» ሲሉ ከሁሉም ይልቅ ከልቤ «አሜን» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ከአባቴ ጋር በክሊኒኩ ትሠራ የነበረችውን ጎረቤታችንን አዴ ጫልቱን ወጥ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ይህን ሁሉ ጉድ ማን አዘዛችሁ?»

«ማን ያዘናል?» አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «የክሊኒኩ ጀርመኖች አገራቸው ሲገቡ ለመታሰቢያ ብለው ለያንዳንዳችን ሰጥተውን ነበር። ከዚያ ሕጉ መጣ። ብንይዘው ወንጀል፣ ባንክ ብንወስደው 'ከየት አመጣችሁት?' ሊመጣ ነው። እንዳናቃጥለው ደግሞ የሰው መልክ አለበት! እኔ ስንት ዓመት ፍራሼ ውስጥ ሰፍቼ ተኝቼበታለሁ፤ ወገቤን ያመመኝ እሱ ነው። አባትሽ ዶላር እያሉ ሲጮኹ ስንሰማ ይኸው መገላገያችን መጣ አልን።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺን?» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይልቅ ወደ አገሩ መልሽው፤ ለአባትሽም ጆሮ ግዢ።»

የሊቀመንበሩን ወረቀት ግን አላሳየኋትም። እሱ በእኔ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ነው ብዬ፣ ሳልዘረጋው ከሌሎቹ ጋር ጠቀለልኩት።

እንዴት ይዤው እንደምወጣ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ገንዘቡን በጠባቡ ጠቅልዬ፣ በላዩ ላይ የሱፍ ክር እየጠመጠምኩ ኳስ የሚያህል ልቃቂት አደረግኩት። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የፈተሸኝ ሰው ልቃቂቱን በእጁ መዘነ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሹራብ ልሠራበት ነው።»

«መቼ?»

«አሁን» አልኩ። የተጠረጠረ ሰው ለሁሉም ጥያቄ ፈጣን መልስ ይሰጣል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡት የፓርቲ ሰው የሚመስሉ፣ ኮታቸው ላይ ዓርማ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ፍተሻው ላይ ከኋላዬ ቆመው ያልኩትን ሰምተዋል። «ታዲያ አይጀምሩም?» አሉኝ። ጀመርኩ። ሹራብ ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ፤ የዚያን ቀን ግን የፈጣሪ ቁጣ ሆኖ እጄ ፈጠነ። ሹራቡ ባደገ ቁጥር ልቃቂቱ ይቀንሳል። የሱዳንን በረሃ ስናልፍ አንዱ እጅጌ አለቀ። ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ስንደርስ በክሩ መሐል የሆነ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና የሠራሁትን ሁሉ ተርትሬ መልሼ ጠመጠምኩት። ስመለስ ሰውየው ባዶ ሹራብ መሥሪያዬን አይተው «ምነው?» አሉ።

«ልኩ አላማረኝም።»

«በጣም ጥንቁቅ ነዎት» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጋና አስፈራኝ። በርሊን እስክንገባ ያቺኑ እጅጌ ስሠራና ስተረትር ደረስኩ።

እዚያ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። በእጄ ያለው የምዕራቡ ማርክ ነው፤ እኔ ያለሁት ደግሞ ምሥራቅ። ባንኩ አንዱን በአንድ ይመነዝራል፤ ሰዉ ግን ለምዕራቡ ማርክ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። የምሥራቁ ሳንቲም ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ፣ ነፋስ ሲነሣ የሚበር እየመሰለኝ መዳፌን እጨብጥ ነበር። ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ወጣቶች እየተጠጉ ያንሾካሹኩልኛል። አላመንኳቸውም። የመኖሪያችን ዘበኛ በእጁ ምልክት ጠየቀኝ፤ እሱንም አላመንኩም። የሸምሱ የወንድም ልጅ ራሱ ፈልጎ አገኘኝና «አጎቴ ላከኝ» አለ። አጎትህን አላውቀውም አልኩት። ልጁ የአጎቱ ግልባጭ ነበር።

አንድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮፍያ ያደረጉ ሽበታም ወይዘሮ አገኘሁ። በልጅነቴ ነቀምቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን ሴት ሚስዮናዊ ቁርጥ ናቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ስለ አገሬ ጠየቁኝ። ከብቶቼን አልጠየቁም። እንዲህ ያለች ሴት ካልታመነች ማን ይታመናል? «እኔ ልመንዝርልሽ» ሲሉኝ ከሁሉ ትንሿን ማርክ ሰጠኋቸው፤ የኬሚስትሪ ሰው መጀመሪያ በጥቂቱ ይሞክራልና። በፖስታ የታሸገ ወፍራም ገንዘብ ሰጡኝ፣ ጉንጬን ስመው ሄዱ። ፖስታውን ስከፍት ከላይና ከታች ገንዘብ፣ መሐሉ በልኩ የተቆረጠ ጋዜጣ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ ያመንኳት አንዲቷ ሌባዋ ሆና አረፈችው!

ተስፋ ቆርጬ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ የጆሮ መሣሪያ የሚሠራበት ክፍል ሄድኩ። ባለሙያው ወረቀቱን አነበበ፣ የመሣሪያውን ዋጋ ጻፈልኝ፤ የማይቀመስ ነበር። ልቃቂቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ክሩን መተርተር ጀመርኩ። ሰውየው ክሩን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ በሩን አየ። ማርኮቹ ሲወጡ ተነሥቶ በሩን ቆለፈው። «ይህንን ለእኔ ይስጡኝ፤ ያንን ዋጋ በአገሩ ገንዘብ እኔ እከፍላለሁ» አለ። በባንክ ሒሳብ ለግማሽ ጆሮ የማይበቃ ገንዘብ ሙሉ መሣሪያ ገዛ፤ ለዓመታት የሚበቃ ባትሪም ተመረቀልኝ። በርካሽ የሚመነዝረው ለካ የሚፈልጉትን ዕቃ የሚሸጠው ሰው ራሱ ኖሯል።

የሊቀመንበሩ ወረቀት ወደ መጨረሻ ቀረ። ሰውየው ዘርግቶ አየውና መሣቅ ጀመረ፤ እንባውን እየጠረገ ጓደኞቹን ጠራ። ወረቀቱ ላይ «አንድ ሚሊዮን ማርክ» ይላል። አያቶቻቸው በነበሩበት ዘመን ገንዘብ ዋጋ ባጣ ጊዜ የታተመ ነው አሉኝ። ያኔም ቢሆን ዳቦ አይገዛም ነበር፤ አያቱ ምድጃ ያነዱበት ነበር። መልሼ አጣጥፌ ያዝኩት።

ሥልጠናው አልቆ ነቀምቴ ገባሁ። አባቴ መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ደንግጠው ጣሪያውን አዩ። «ይህ ሁሉ ጫጫታ ድሮም ነበረ?» አሉ። ቀጥሎ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙና አፈሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚናገሩት በሹክሹክታ ሆነ። አዴ ጫልቱ «አባትሽ ጆሮ ካገኙ ወዲህ እኛ የምንሰማው አጣን» ብላ በግልጽ ቅር ተሰኘች።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ወደ ግቢያችን መጡ። አባቴ በር ላይ እንደተቀመጡ «ደኅና አደሩ?» አሏቸው።

«ጉዳዩን እንከታተላለን» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

መጥሪያው መጣ ብዬ ወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የምንዛሪ ሕጉን ሁልጊዜ እጅግ ጥሩ ሕግ ነው ስል…»

መዳፋቸውን ዘረጉ። የአባቴን ጆሮ አመለከቱኝ፣ የራሳቸውን ጆሮ ነካ አደረጉ።

አባቴ እጄን ሳብ አድርገው በሹክሹክታ «ኢንታላ ኮ፣ ይህ ሰው እኮ አይሰማም» አሉኝ። «ደኅና አደሩ ስለው የመለሰልኝን አየሽ? እኔም ሳይሰማኝ ሲቀር ራሴን እየነቀነቅኩ 'እግዚአብሔር ይመስገን' እል ነበር። እሱ የራሱን ቃል ይዟል፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።»

ዓይኔ ተገለጠ። ያ ሁሉ መነቅነቅ፣ ያ ሁሉ መከታተል! «ሰምቻለሁ፣ ዝም በይ» ብዬ የተረጎምኩት ምልክት፣ ለካ «ለእኔም አንድ አምጪልኝ፣ ለሰው አትንገሪ» ማለት ኖሯል። ያን ቀን በአጥሩ ላይ ሆነው «ጆሮ» የሚለውን ከአባቴ አፍ አንብበው መሆን አለበት። እሳቸውም እንደ አዴ ጫልቱ ፍራሽ ላይ ተኝተው ኖረዋል፤ ያውም በሚሊዮን ላይ። ቢሮ በሆነው የሚስዮናውያን ቤት ውስጥ ያገኙት መሆን አለበት። ባለጸጋ መሆናቸው እንዳይታወቅ፣ አለመስማታቸው ወንበራቸውን እንዳያሳጣቸው ሲፈሩ፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን ስፈራ ከርሜያለሁ።

አሁን ግን ያመጣሁት መሣሪያ አንድ ብቻ መሆኑን መንገር አለብኝ። እንዳልጮኽ፣ ደጃችን የሕዝብ መንገድ ነው። እንዳልጽፍ ወረቀት ማስረጃ ነው። አባቴ ነገሩ ገብቷቸው ገቡና፣ የማያስፈልጋቸውን የድሮ ማዳመጫ አምጥተው ሊቀመንበሩ ጆሮ ላይ ሰኩላቸው፤ «ይህ ለእርስዎ ይሁን» ብለው። እኔም ክቡን ጫፍ ወደ አፌ አስጠግቼ፣ በሕይወቴ ካወጣሁት ድምፅ ሁሉ ዝቅተኛ በሆነው ተናገርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሰጡኝ ወረቀት በአገሩ ዳቦ እንኳን አይገዛም።»

ሊቀመንበሩ ሰሙኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተናገራቸውን ነገር በትክክል ሰሙ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ድምፃቸውን ግን ያወጡት በለመዱት ልክ ነበር።

«ሚሊዮኑ?! ያ ሚሊዮን ማርክ ነው ዳቦ የማይገዛው?!»

ባኬ ጃማ ጆሮዋን አቆመች። የሚወቅጠው መውቀጡን ተወ፣ የሚንጫጫው ሬዲዮ ዝቅ ተደረገ። አባቴ ሊቀመንበሩን ክንዳቸውን ያዝ አድርገው «ቀስ ይበሉ ጓድ፣ ሰው ይሰማል» አሉ በሹክሹክታ።

በዚህን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የአዴ ጫልቱ ድምፅ መጣ።

«ጉዳዩን እንከታተላለን!»

ከሁላችንም ቀድመው የሳቁት አባቴ ነበሩ፣ ከአጥር ማዶ የተነገረውን ሰምተው።